መቶ ሠላሳ ግራም ብረት

ከዋሸሁ መብረቅ ይምታኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዳለ እውነት ነው። ውሸት እንደሚመስል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔው ራሴ «ወይ አንተ! ስትዋሽ ትንሽ እንኳ አታፍርም?» ብዬ ጥዬው እሄድ ነበር። ግን ግድግዳችን አንድ ነው። እኔ ሳስነጥስ እነሱ «ይማርህ» ይላሉ፤ እነሱ ሲጣሉ እኔ እራቴ አይወርድልኝም። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ በግድግዳ የሰማሁትን ለመናገር ስድስተኛ መግባት አያስፈልግም።

ሰውየው ሚዛን ጠጋኝ ነው። የሱቅ ሚዛን፣ የክሊኒክ የሕፃን ሚዛን፣ ጆንያ የሚጫንበት ባስኩላ፣ ሁሉንም አርባ ዓመት ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ በመጨረሻ ሚዛኑ እጁ ውስጥ ገባ። ሰፈሩም «እጀ ሚዛን» ብሎ ስም አወጣለት። ዳቦ መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ስምንት ግራም ጎድሏል» ካለ ጎድሏል፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳይከራከር ይቀይርለታል። ፖስተኛው ያመጣለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ከፍ ዝቅ አድርጎ «ይሄስ የምሥራች አይደለም» ብሎ፣ ፖስታው ሳይቀደድ አክስቱን ማልቀስ የጀመረ ሰው ነው። አንዴማ ዝንብ እጁ ላይ ብታርፍ «ይቺ ቁርሷን በልታለች» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሚስቱ ደግሞ ጠሪ ነበረች። እህል መጋዘን ውስጥ፣ ባስኩላው አጠገብ ቆማ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ወዲያ ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊ ይጽፋል። ጸሐፊው ሚዛኑን አያይም፤ የሚያምነው ድምፅዋን ነው። ተሸካሚው እየተጯጯኸ፣ የጭነት መኪናው እያጓራ፣ ቁጥሯ ብቻ ጥርት ብሎ ጆሮ ውስጥ ይገባ ነበር።

የተገናኙት እዚያው ነው። እሱ ባስኩላ ሊጠግን እንደገባ እሷ «አርባ ሁለት!» ብላ ጠራች። ጆንያውን ሲያወርዱ አንድ ጫፍ ያዘና ቀና አድርጎ «አርባ ሦስት ነው» አላት።

«ባስኩላው ነው የተሳሳተ ወይስ አንተ?»

«ባስኩላሽ።»

«ሰዎች፣ ኑ እዩልኝ! ይሄ ሰውዬ በክንዱ ነው የሚያነበው!»

ባስኩላው ተፈታ። ከሚዛኑ ድንጋይ ስር እርሳስ ተለጥፎበት ተገኘ፤ ገበሬው በየጆንያው አንድ አንድ ኪሎ ሲጎድልበት ከርሟል። እንዲህ ያለ እርሳስ በዕድሜው ከስንት ሚዛን ስር ነቅሎ እንዳወጣ እሱም አያስታውሰው። ከዚያ ወዲህ ጥል በገባ ቁጥር የእርቃቸው ቃል ይሄው ሆነ። ሁለት ቀን ይኮራረፋሉ፤ በሦስተኛው እሷ ከኩሽና «አርባ ሁለት!» ትላለች፣ እሱ ከሳሎን «አርባ ሦስት!» ይላል፣ አለቀ። ይቅርታ የሚባል ቃል እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኔም ከግድግዳው ወዲህ እፎይ ብዬ እራቴን እበላለሁ።

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሙ የድምፅ ሳጥኗ መውጣት አለበት አለ። እስከ ቀዶ ጥገናው ሦስት ሳምንት ሰጣቸው።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት፤ ሥራዋ ኮምፒውተር ነክ ነው። እየበረረች መጣች። ከቦርሳዋ የመጫወቻ ካርታ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ አወጣች።

«ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ትባላለች፣ አባዬ። ሙሉው ኮምፒውተር እቺው ናት።»

እጀ ሚዛን መዳፉ ላይ አደረጋትና «አርባ ስድስት ግራም ኮምፒውተር!» ብሎ ሳቀ። «ሲያስነጥሱባት ትበራለች እኮ።»

ልጅቷ ሰሌዳዋን በጣት ከሚነካ ስክሪንና ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አስገባቻት። ስክሪኑ ላይ ቃላት በየቤታቸው ተደርድረዋል፤ ቤቱን ሲነኩት ቃሉ ይነገራል፣ በራሷ በእናትየው ድምፅ። ድምፁ ገና መቀዳት ነበረበትና እናትና ልጅ መኝታ ቤት ገብተው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ በር ቆለፉ።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ‹ውሃ›፣ ‹መድኃኒት›፣ ‹አመመኝ› እንበል።»

«ቆይ እስቲ፣ ስድቡን እንጨርስ። ውሃማ በእጄም አሳያለሁ።»

«ኧረ እማዬ!»

«ሰውየውን ዝም ብዬ ላኑረው ነው የምትዪው? ይበላሽብኛል።»

ስድስት መቶ አሥራ አራት ድምፅ ቀዳች። «አንተ ሰውዬ» የሚለውን ብቻ በአራት ዓይነት አለችው፤ የቁጣውን፣ የመጥሪያውን፣ የመለማመጫውን፣ ደግሞ ብርጭቆ ሰብራ ስትደብቅ የምትለውን። ሳቅ ሦስት ዓይነት ቀዳች። «ውሸታም» ግን አንድ ዓይነት ብቻ፤ «እሱ አንድ ይበቃዋል» አለች። «አርባ ሁለት»ን ተቀምጣ አልሆነላትም። ተነስታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ መጋዘኑ ጠራችው። በብርድ ልብሱ አልፎ፣ በግድግዳዬ አልፎ መጣ። እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ቀረጻውን እንዳያበላሽባቸው።

ሐኪም ቤት እስከገባችበት ጠዋት ድረስ ቃል ስትጨምር ነበር። ሁሉም የተቀመጠው ሰሌዳዋ ጎን በተሰካች ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ልጅቷ እናቷን አስታማ ወደ ሥራዋ ስትመለስ «ሌላ ኮፒ አላወጣሁለትም፤ ለዕረፍት ስመጣ አወጣለሁ» አለች። «ኮፒ ምን ያደርጋል? ሳጥኑ ይኸው ከዓይናችን ስር አይጠፋ» አለ አባት። ሁለቱም ልክ መስሏቸው ተሳስመው ተለያዩ።

ሁለት ወር እንደዚያ ሆነ። እውነቴን ነው የምለው፣ ከበፊቱ የበለጠ ታወራ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሳጥኑ «አንተ ሰውዬ!» ሲል፣ እኔ እዚህ አራቱን ዓይነት በድምፁ ለይቼ አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት መብራት ሄደ። ሲመለስ ግን እንደ ተቆጣ ሰው በሩን በርግዶ ገባ። የእኔ አምፖል ፈነዳ። የእነሱ ሳጥን ከግድግዳው ኃይል የምትቀበልበት፣ ልጅቷ ያመጣችው ትንሽ ነጭ አዳፕተር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተና ሞተ። ሰሌዳዋ ተረፈች። ግን ዝም አለች።

ልጃቸው በስልክ ነገረችው። «ደግነቱ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ዛሬውኑ በፖስታ እልካለሁ፣ በአሥር ቀን ይደርሳል። አባዬ፣ ስማኝ፤ እስከዚያ ያገኘኸውን ቻርጀር እንዳትሰካባት። ኃይል ሲያንሳት ራሷን ትስታለች። ደጋግማ ራሷን ከሳተች ካርዱ ይበላሻል።»

«እሺ።»

«እሺ በለኝ ከልብህ።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

የመጀመሪያውን ቀን ሚስቱ በወረቀት ስትጽፍ ዋለች፤ እሱ መነጽሩን ይፈልጋል፣ እስኪያገኘው ነገሩ ይበርዳል። በወረቀት ላይ ስድብ አይጣፍጥም። በሁለተኛው ቀን መጻፉን ተወችው። በሦስተኛው ቀን እሱን ለመጥራት ብርጭቆ በማንኪያ መታች። ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ሠላሳ ጆንያ በአንድ ጥሪ ያስነሳች ሴት ባሏን በማንኪያ ስትጠራ ሰማሁ፤ እኔ እንኳ ጆሮዬን ያዝኩ። እሱ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ሮጠና ማንኪያውን ከእጇ ወሰደው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወጣ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ላይ፣ ሽቦ እንደ ሐረግ የተንጠለጠለበት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለሱቋ ካቻቢቴ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስልክ ትፈታለች። ከተቃጠለው አዳፕተር ላይ ገልብጦ የያዘውን ቁራጭ ወረቀት ሰጣት፦ አምስት ቮልት፣ ሦስት አምፔር።

ባለሱቋ አንብባ አንድ ነጭ አዳፕተር አስቀመጠችለት። «ይኸውልዎት። ለእንደዚያ ዓይነት ሰሌዳ የሚሆነው ይሄ ነው።»

መዳፉ ላይ አደረገው። ፊቱን አጨማደደ። «ልጄ፣ ውስጡ ዕቃ አለው ወይስ ቅርፊቱን ነው የምትሸጪልኝ?»

«አባባ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብደው የድሮው ነው። የዛሬው ጥሩ ጥሩው ይቀላል።»

«ጥሩ ዕቃ ሲቀል አይቼ አላውቅም።»

«ትራስ ላይ ተኝተው አያውቁም?»

ከጎን የተቀመጠው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሳቀ። እጀ ሚዛን አልሳቀም። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ወዳለ ጥቁር አዳፕተር ሄዷል። «እስቲ ያንን።» ተቀበለና ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው። ፊቱ እንደ ልጅ በራ። «መቶ ዘጠና ግራም! ይሄ ነው እንጂ!»

«ኧረ እሱን ይተዉት። ላዩ ላይ ሦስት አምፔር ተብሎ ተጽፏል እንጂ ሥራ ሲበዛበት ይደክማል። ለስልክ ለሚፈልግ ነው የምሰጠው።»

«አንቺ የተጻፈውን ነው የምታነቢው። እኔ ዕቃውን።»

«በምንዎ?»

እጁን ዘርግቶ አሳያት። ባለሱቋ እጁን አየችው፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙን አየችው፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንግዲህ ነግሬዎታለሁ አባባ። ካስቸገረዎት ይመልሱልኝ፣ አልቀየምም።»

ባዶ ቅርፊት ልታራግፍብኝ ነበር እያለ፣ ጥቁሩን ኮት ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ኪሱ በአንድ ወገን ተንጋዶ ነበር፤ መንጋደዱ ራሱ ደስ ብሎታል።

ሰካው። ስክሪኑ በራ። ቃላቱ በየቤታቸው ብቅ ብቅ አሉ። ሚስቱ አንዱን ነካች፦ «አንተ ሰውዬ!» የመለማመጫው ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር፣ ያልቆሸሸውን።

ያኔ ነው ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ መብረቅ ብልጭ ያለችው። ትንሽ ናት፣ የጤፍ… አይ፣ የባቄላ ፍሬ ታክላለች እንበል። ከዚህ በፊት ታይታ አታውቅም።

«አየሽ?» አላት እየጠቆመ። «መብረቅ! በዚያ ላባ በሚያህለው ነጩ ጊዜ ነበረች? ጉልበት ሲተርፋት ነው!»

«ጎበዝ» አለ ሳጥኑ በእሷ ድምፅ።

ማታውን ልጅቷ ደወለች። «እየጠበቃችሁ ነው አይደል?»

«እየጠበቅን ነው፣ ምን እናደርጋለን።» ስልኩን ገና ከጆሮው ሳያርቅ ዘጋውና ዞረ። ሳጥኑ «ውሸታም!» አለው። ቀጥሎ ሳቅ፣ መካከለኛው። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ በሳጥኑ፣ እሱ በአፉ። እኔም በግድግዳው።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። ረጅም ነገር ስታወራ መብረቋ ትመጣለች፣ ሳጥኑ ድርግም ይላል፣ ተመልሶ ይበራል። «ትንፋሽ እየወሰደች ነው» ይላል እሱ፤ «ከአንቺ ጋር ማውራት ቀላል መሰለሽ?» ለልጁ ስለ መብረቋ አልነገራትም። ቢነግራት ጥቁሩን መንገር አለበት፤ ጥቁሩን ቢነግራት ደግሞ ያቺን «እሺ» መመለስ ሊኖርበት ነው።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስለ መጋዘኑ ታወራለት ነበር። ቃል በቃል ትነካለች። «ጸሐፊው»፣ «ትናንት»፣ «ዝናብ»፣ እያለች የሆነ የድሮ ነገር ታስታውሰዋለች፤ እሱ ገና ሳያልቅ መሳቅ ጀምሯል። መብረቋ መጣች። ሳጥኑ ድርግም አለ። ተመልሶ ሲበራ ቃላቱ የሉም፤ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ፣ እንደ ጉንዳን ሲተራመስ ቆይቶ ቀጥ አለ።

ነቀለውና ሰካው። ነቀለውና ሰካው። ከዚያ፣ የተጣበቀ ባስኩላ ሲነካው እንደኖረ፣ በመዳፉ ጎን ጎኑን መታ መታ አደረገው። መልሶ ነቀለው፣ መልሶ ሰካው። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ እሷ እጁን ይዛ ከሳጥኑ ላይ አነሳችው። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ እንደ ዕቃ።

የልጅቷ ፖስታ በአሥረኛው ቀን ደረሰ፣ እንዳለችው። እጀ ሚዛን ሳይከፍት መዳፉ ላይ አደረገው። ቀላል ነበር። ከፈተውና ሰካው። መብረቋ ጠፋች። ነጩ ፊደል ግን እዚያው ነው።

ደውሎ «ቃላቱ ጠፉ» አላት፤ ልጅቷ በማግስቱ መጣች። ካርዱን አውጥታ በራሷ ኮምፒውተር ስትታገል ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አላናገራትም። ከዚያ ጥቁሩን አዳፕተር አንስታ አየችው።

«መብረቅ ነበረ ስክሪኑ ላይ?»

«ነበረ።»

«መቼ ጀመረ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና ዝም አልከኝ?»

«ጉልበት መስሎኝ።» ድምፁ ወረደ። «ጉልበት የተረፋት መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

«ኃይል አነሰኝ ማለቷ ነበር፣ አባዬ። እየነገረችህ ነበር።»

ብትጮህበት በወደደ። አልጮኸችም። የአባቷን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ እኔ የማላያት መስሏት ፊቷን በረንዳው ላይ ታጠበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከስድስት መቶ አሥራ አራቱ የተረፉት አሥር ናቸው። በቃሌ ይዣቸዋለሁ፦ ማክሰኞ። ሽንኩርት። ዝናብ። መቀስ። የጎረቤት። ትናንት። ዝጋው። ጠባብ። ውሸታም። አሥረኛው መካከለኛው ሳቅ ነው። ልጅቷ ሁሉንም ቤት ስክሪኑ ላይ መልሳ ደርድራቸዋለች፣ ጽሑፉ አለ፤ ግን ሌላውን ሲነኩት ዝም ነው። አራቱም «አንተ ሰውዬ» ዝም። «አርባ ሁለት» ዝም።

እሱ ልጅቷ የሄደች ቀን የሚዛን መጠገኛ ሱቁን ከፍቶ ጥቁሩን በጉጠት ሰነጠቀው። ውስጡ ጥፍር የምታክል ዕቃ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ በማስቲሽ የተጣበቀ ድቡልቡል ብረት። ምንም ነገር ያልተያያዘበት፣ ምንም የማይሠራ፣ ለክብደት ብቻ የገባ። በሚዛን አስቀመጠው፤ በእጁ አልሞከረም። መቶ ሠላሳ ግራም። አርባ ዓመት ከሰው ሚዛን ስር ሲነቅለው የኖረውን እርሳስ ይዞ፣ ኪሱ ተንጋዶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገብቷል።

ብረቱን ይዞ ወደ ባለሱቋ ሄደ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«አባባ፣ ካስቸገረዎት ይመልሱልኝ ብዬ…»

«ልመልስ አልመጣሁም። ልክ ነበርሽ ልልሽ ነው።»

ስትጠይቀው ምን እንደተበላሸበት አልነገራትም። ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሲገዛ መዳፉ ላይ አያደርግም፤ በጋዜጣ አስጠቅልሎ በብብቱ ይይዛል።

እሷስ? እሷ በአሥሩ ኖረች። ሲያማት «ሽንኩርት» ነው። ሐኪሙ ወሬ ሲያበዛ «ዝናብ» ትላለች። የተሰፋላት ልብስም፣ ክፍሉም፣ የእኔ ጭንቅላትም «ጠባብ» ነው። እኔን ስትጠራ «የጎረቤት» ትላለች፣ ደስ ይለኝ ነበር። እሱን የምትጠራበት ግን አጣች። «ውሸታም» ተርፎላት ነበር እኮ። አንድ ቀን እንኳ አልነካችበትም። በየቀኑ ብትለው ኖሮ ይቀልለው ነበር፤ ጣቷ በዚያች ቤት በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍን ነበርና አውቃለሁ።

አልሰደበችውም፣ አኮረፈችው የሚባልም አይደለም። ያጎረሳትን ትበላለች። ትራሷን ሲያስተካክልላት ቀና ትላለች። ነገር ግን አትቀልድም። አንድ ጠዋት አላስቻለውም፤ ሻይዋን ይዞ በሩ ላይ ቆመና፣ ማንም ሳይጠራው፣ «አርባ ሦስት» አለ ቀስ ብሎ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱም ሻዩን አስቀምጦ ወጣ።

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። በሽታው ተመለሰ። ሐኪሙም በዝናቡ መሃል እውነቱን ተናገረ። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት፣ ሳጥኑን በቀኝ እጇ በኩል፣ በነጩ ቀላል አዳፕተር ተሰክቶ።

ማክሰኞ ነበር፤ ስምንት ሰዓት ገደማ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ጥግ ካለችው ቧንቧ ብርጭቆዋን ያጥባል። ውሃው ይወርዳል። እሷ እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። እና ያ ሰባት ወር ዝም ያለው፣ ልጅቷ ሁለት ቀን ታግላ ያጣችው ድምፅ፣ በድንገት ከሳጥኑ ወጣ። ተሸካሚውን ሁሉ ዝም እንዳሰኘው፣ በብርድ ልብስና በግድግዳ እንዳለፈው፣ ቁልጭ ብሎ፦ «አርባ ሁለት!»

ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ሳይዞር፣ ግድግዳውን እያየ፣ «አርባ ሦስት!» አለ። እንደ ድሮው፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና እንደሚጮኸው። ሲዞር ፈገግ ብላለች። ሳይመሽ ሞተች።

እዚህ ላይ ባቆም በወደድኩ። ግን መብረቅ ብያለሁ፣ የዛሬው ደመና ደግሞ አያምረኝም። ዝንቧም፣ ደብዳቤውም፣ ብረቱም፣ አሥሩም ቃል እውነት ናቸው። የፈጠርኩት ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ነው፦ ድምፁ አልወጣም።

እኔ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጣቷን «አርባ ሁለት» የሚለው ቤት ላይ ስታሳርፍ አየሁ። ዝም። ደግማ ነካችው። ዝም። ጀርባውን አየች። ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ወደ እሱ እንዲዞርላት፣ ካላት ውስጥ ፈልጋ «ዝጋው» የሚለውን ነካች፤ እሱ ተርፏልና ወጣ። «እሺ እመቤቴ» አለና፣ ቧንቧውን ትቶ፣ እሷን ሳያይ አልፎ መስኮቱን ዘጋላት። ተመልሶም ብርጭቆውን ማጠብ ቀጠለ። እሷ «አርባ ሁለት»ን ለሦስተኛ ጊዜ ነካችው። እኔ፣ ወሬ አልቆብኝ የማላውቀው ሰውዬ፣ አፌ ተያያዘብኝ። ብርጭቆው አልወደቀም። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ውሃ ሞልቶበት ይዞ ሲመጣ እጇ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል።

ከቀብር ስንመለስ በረንዳው ላይ ያዝኩትና ነገርኩት። «አንተ ቧንቧው ጋ ሳለህ ጠርታህ ነበር» አልኩት። «በሳጥኑ። ‹አርባ ሁለት› ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ውሃው ይጮህ ስለነበር አንተ አልሰማሃትም።»

አሥሩን ቃል ከእኔ የበለጠ ያውቃቸዋል። አርባ ሁለት ከውስጣቸው እንደሌለ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ ከዚያ ብረት ወዲህ ያላደረገውን፣ ባዶ መዳፉን ዘረጋ። ከፍ አደረገው። ዝቅ አደረገው።

«አርባ ሦስት» አለ።

ጎድሏል አላለኝም።